ቁጭ ስል ይወርዳል

ስማቸው ሌላ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን ሁላችንም «ጋሼ ሥሩስ» ነበር የምንላቸው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የጽሕፈት መኪና ስመታ፣ የአንድ ቃል ፍቺ አግኝቼ «ይኸውልዎ» ስላቸው አንድ ቀን እንኳ «ጎሽ» ብለው ዝም ብለው አያውቁም። «ፍቺውስ ደህና፤ ሥሩስ?» ይላሉ። አለቃችን፣ ዋና አዘጋጁ፣ «እሳቸው ፊት ማስነጠስ እንኳ ያስፈራል፤ ሥሩስ ይሉሃል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አይቀየሙም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈገግ ይሉና ወደ ወረቀታቸው ይመለሳሉ።

ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የእንጨት መሳቢያ ነው። በየመሳቢያው ካርዶች አሉ፤ በየካርዱ አናት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከዚያ የእኛው ፍቺ፣ ከዚያ ነገሩ በሰው አፍ ሲነገር የሚያሳይ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ታች በቀኝ ጥግ ደግሞ ካርዱ የተጻፈበት ቀን ይሰፍራል። የቀኑ ነገር የጋሼ ሥሩስ ሕግ ነው። ቀን የሌለው ወረቀት ምስክር አይሆንም ባይ ናቸው። ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ጋሼ ሥሩስ ይቆፍራሉ፣ አለቃችን ይወስናሉ፣ እኔ እመታለሁ።

ባለቤታቸውን የማውቃት በልብስ ነው። ከቢሮው የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ፣ የቤታቸውን የፊት ክፍል የስፌት ቤት አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ወንበሩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ሶፋው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ቁርጥራጭ። ከእሳቸው በዕድሜ ብዙ ታንሳለች፤ እኔን ግን ትበልጠኛለች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «አንቱ» ብላት ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ሳቀችብኝ። አንቱታውን ለባሌ አድርጊው፣ ተንበርክካ ጠርዝ የምትለካ ሴት አንቱ አትባልም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህትማማች ሆንን። የእኔም መኪና ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውላል፣ የእሷም። «እኛ ባለ መኪኖች» ትለኝ ነበር፤ «አንዳችንም ግን የትም አንደርስ።»

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሌላ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ሲዘጋ ትመጣለች። ቤቱ ያው ሦስት ሰው ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ማንም ማንንም የማይጎዳበት ቤት። ጋሼ ሥሩስ ክፉ ባል አልነበሩም። ቤታቸው ገብተው እራታቸውን በልተው መጽሐፋቸውን ይገልጣሉ፤ እሷም መኪናዋን ትረግጣለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ያ ቃል የመጣው «ኤን» የሚለውን ፊደል በጀመርንበት ዓመት ነው። ናይትሜር። እንግሊዞች ክፉ ሕልምን የሚጠሩበት ቃል ነው። «ናይት» ሌሊት መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ችግሩ «ሜር» ላይ ነው። ሜር በዛሬው እንግሊዝኛ ባዝራ ናት፣ ሴቷ ፈረስ። እኔ ተማሪ ሳለሁ በእጃችን የነበረችው ትንሽ መዝገበ ቃላት ቃሉን ለሁለት ሰንጥቃ «የሌሊት ባዝራ» ብላ ፈትታው ነበር። አስተማሪያችን ሳይስቁ አስተማሩን፤ እኛም ሳንስቅ ተማርን። ሰው ከእንቅልፉ እየጮኸ ሲነቃ ባዝራ አባርራው ነው ብዬ ስንት ዓመት አምኛለሁ። ይህን ስነግራቸው የጋሼ ሥሩስ ፊት በራ። እንዲህ ያለ ስሕተት ለእሳቸው ድግስ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆፈሩ። ለቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ ጻፉ፣ ሰው የማይነካቸውን ወፋፍራም መጻሕፍት አስመጡ፣ ምሳ ረሱ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መጡና፣ አድርገውት የማያውቁትን፣ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

ሜር ባዝራ አይደለችም አሉኝ። የሁለቱ ቃላት ድምፅ ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ያ ቃል የመንፈስ ስም ነበር፤ የተኛ ሰው ደረት ላይ ወጥታ የምትቀመጥ፣ ትንፋሽ የምታሳጣ ክፉ መንፈስ። የሰሜን ጎረቤቶቻቸውም በየቋንቋቸው ያውቋታል። ፈረንሳዮች ቅዠትን በሚጠሩበት ቃል ጭራ ላይም እሷው አለች፤ ከፊቷ ያለው ደግሞ መርገጥና መጫን ማለት ነው። ቃሉ መጀመሪያ መንፈሷን ራሷን ይጠራ ነበር። ቆይቶ መታፈኑን። ከዚያ ክፉውን ሕልም። በመጨረሻም ደረት የሚባል ነገር ከቃሉ ውስጥ ተንኖ ጠፋ፤ ዛሬ ሰው ለተጨናነቀ መንገድም ናይትሜር ይላል።

«ደረት ላይ የሚወጣውን እኛ ምን እንለዋለን?» አሉኝ።

«ዱካክ» አልኩ።

«ዱካክ» አሉ እሳቸውም፣ አፋቸው ውስጥ እያጣጣሙት። «ሕልም አይደለም፤ የሚጫን ነው። እነሱ ቃሉን ይዘው ደረቱን ጣሉት፤ እኛ ሁለቱንም እንደያዝን አለን።»

አለቃችን ግን አልተስማሙም። ዛሬ ሰው ናይትሜር ሲል ቅዠት ማለቱ ነው፣ መዝገበ ቃላት ደግሞ የሚሠራው ለዛሬ ሰው ነው አሉ። ዱካክን የዛሬ ልጆች ከአፋቸው ጥለውታል። ዱካክ ይቅደም ካላችሁ፣ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ፣ ነገሩ የደረሰበት ሰው ዛሬ በገዛ አፉ የተናገረው ምስክር አምጡልኝ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ጋሼ ሥሩስም ትክክል መሆኑን ያውቁ ነበር። ምስክር ፍለጋ የበር ጠባቂውን ሳይቀር ጠየቁ።

ምስክሯ ቤታቸው ነበረች። በሳምንቱ፣ አንድ ማክሰኞ ቁርስ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ ሻይዋን ሳትነካ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ እንዳላት ተናገረች። «ጋደም ስል አንድ ነገር ደረቴ ላይ ይወጣል፤ ቁጭ ስል ይወርዳል» አለች። ጋሼ ሥሩስ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እስኪ ድገሚው አሏት። ደገመችው። ከኮት ኪሳቸው ባዶ ካርድ አውጥተው፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ፣ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ ጻፉት። ቀኑንም ጻፉበት።

ካርዱን ጠዋቱን ይዘውልኝ መጡ፤ የመታሁትም እኔ ነኝ። «ይወርዳል» የሚለው ላይ በቀይ አስምረውበታል። በሽታ ቢሆን ቁጭ ማለትና መነሣት ምን ያደርግለት ነበር አሉኝ። ይህ ግን ልክ እንደ ጋላቢ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የጥንቶቹ ያሉት ቃል በቃል ይኸው። እኔም ግሩም ነው አልኩ። ያልኩትን አልክድም፤ ግሩም ነው ብያለሁ። አለቃችንም አንብበው እጃቸውን ሰጡ፤ ዱካክ ቀደመ።

ያን ቀን ማታ ጋሼ ሥሩስ መጽሐፋቸውን ሳይገልጡ፣ መኪናዋ አጠገብ ወንበር ስበው፣ የቃሉን ታሪክ ከሥሩ ጀምረው ለሚስታቸው አወሯት።

እኔ የሰማሁት በወሩ፣ ካፖርት ላስለካ በሄድኩ ጊዜ ነው። ሜትሩን በትከሻዬ ላይ እየዘረጋች ሳቅ እያለች ነገረችኝ። የእንግሊዝ ንግሥትም ዱካክ ይጫናታል ማለት ነው አለችኝ፤ ዱካክ ደረጃ አይመርጥም። ለደንበኛ ሁሉ ስታወራው ከርማለች። ታዲያ ወገቤን ለመለካት ጎንበስ ስትል ትንፋሽ አጠራትና መኪናዋን ተደግፋ ቆመች። እግሯን አየሁት፤ የባሏን ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ምን ሆነሽ ነው ስላት የፔዳል ነው አለች። ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ ሆስፒታል ሂጂ ብላ ወጥራ ይዛት እንደነበረም ነገረችኝ።

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?» አልኳት።

«ባሌ ምን እንደሆነ አገኘው እኮ» አለችኝ። «ከመጽሐፍ ነው ያገኘው።»

እኔም አመንኳት። ካርዱን የመታሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት አላምን? ካፖርቴ መቼ እንደሚደርስ ጠይቄ፣ ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

አራት ወር አለፈ። ትምህርት ተዘጋና ልጅቷ መጣች። እኔ ካፖርቱን ልወስድ በገባሁበት ጠዋት ሻንጣዋ ገና አልተፈታም፣ በሩ ሥር ቆሟል። እናቷ ሶፋው ላይ አራት ትራስ ከጀርባዋ ደርድራ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ እንደ ጨርቆቿ ሰማያዊ ሆኗል። ልጅቷ ተንበርክካ የእናቷን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ፣ አልሞላም። ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው። ታክሲ ጠራች። በሆስፒታሉ ደረጃ እሷ በቀኝ እኔ በግራ ደግፈን አወጣናት፤ ጋሼ ሥሩስ ነጠላ ጫማዋን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ተከተሉን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። አዳመጠቻት፣ እግሯን አየች፣ የደረት ራጅ አስነሣቻት፣ ተመልሳ መጥታ አልጋው ዳር ቁጭ አለች። ወረቀቷን ዘርግታ ይህ የትንፋሽ ነገር ከጀመረ ስንት ጊዜ ይሆነዋል ብላ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ እንጃ፣ ሰንበት ብሏል አለች።

ጋሼ ሥሩስ ቀኑን ተናገሩ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ማክሰኞ መሆኑንም፤ አምስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን አሉ።

ሐኪሟ ብዕሯን አቁማ አየቻቸው። እንዲህ አጥርቶ የሚያስታውስ ቤተሰብ አጋጥሞኝ አያውቅም አለች። ማመስገኗ ነበር።

«እንዴት አወቅኸው፣ አባዬ?» አለች ልጅቷ።

«ጽፌዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ያለችውን። ጋደም ስል አንድ ነገር ደረቴ ላይ ይወጣል፤ ቁጭ ስል ይወርዳል፤ አለች። ጻፍኩት።»

ሐኪሟ መጻፏን ትታ አቀረቀረች። ልጅቷ የእናቷን እጅ እንደያዘች ነው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጽፈህስ?»

ጋሼ ሥሩስ ነጠላ ጫማዋን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ጽፈህስ ምን አደረግኸው?»

«መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት» አሉ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟ ነገሩን ለሦስታችን አስረዳችን። ከልብ በሮች አንዱ ከልጅነቷ ጀምሮ የተበላሸ ነበር፤ አሁን ልቧ ደሙን ገፍቶ መጨረስ አቅቶታል። ስለዚህ ውሃ ሳንባዋ ውስጥ ያቁራል። ስትተኛ ወደ ላይ ይወጣባታል፣ ስትቀመጥ ይወርዳል። ጀማሪ ተማሪዎችን ስናስተምር የምናስጠናቸው የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው አለችን። በጊዜው ቢደርሱልን ኖሮ በሩን በቀዶ ሕክምና መቀየር ይቻል ነበር፤ አሁን ግን ልቡ ራሱ ደክሟል፣ ቢላ አይችልም። የምንችለውን እናደርጋለን አለች፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

ሐኪሟ ከሄደች በኋላ ጋሼ ሥሩስ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ትከሻ ዘረጉ። ገለል አለች።

«እርስዎ ይሂዱ፤ ይረፉ» አለቻቸው። «እኔ እቀመጣለሁ።»

ያቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አባቷን «አንተ» ብላ ነው ያደገችው። «እርስዎ» ስትላቸው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ ጠርታቸው አታውቅም። ሌላው ሰው ቢሰማ አክብሮት ይመስለው ነበር። እሳቸው የቃል ሰው ናቸውና ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ደረጃው ሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። የአልጋውን ራስጌ ቀና አድርገውላት ቁጭ እንዳለች ነው ቀኑ የሚመሽ፣ ሌሊቱም የሚነጋ። ጋሼ ሥሩስ በጠያቂ ሰዓት ይመጣሉ፣ ልጅቷ ያኔ ትወጣለች፤ እሳቸው ሲወጡ ትገባለች። በሩ ላይ ሲተላለፉ እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ትነሣቸዋለች። እሳቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ምንም አያወሩም። ቀድሞም ብዙ አያወሩም ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋን ብቻዋን አገኘኋት። ቁልፍ የወለቀበትን ሸሚዜን አየችና መርፌ ቢኖረኝ አለች። መርፌ ብትይዝም እጇ አይታዘዛትም ነበር። በስተመጨረሻው እኔም የሚከነክነኝን ተናገርኩ፤ ያን ቀን ካፖርት ስትለኪኝ ጎትቼ ባመጣሽ ኖሮ አልኳት።

«ተይ እንጂ» አለችኝ። በሁለት በሁለት ቃል፣ እየተነፈሰች ነው የምታወራው። «ዱካክ አለመሆኑ የጠፋኝ መስሎሽ ነው? ደረት የሚጫን ዱካክ አውቃለሁ። እግር የሚያሳብጥ ዱካክ የማን ነው?»

«ታዲያ?»

«ያን ቀን ማታ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር እንደዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ፊቴን እያየ ነው የሚያወራኝ። ያልኩትን ጽፎታል። የእኔን ቃል። መጽሐፍ ውስጥ ትገቢያለሽ አለኝ።» ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኩ። «ሐኪም ቤት ሄጄ ሌላ ነው ቢሉኝ፣ ያን ደስታውን ምን አደርገዋለሁ? ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው። ትንሽ ይቆይ፣ ዩኒፎርሙ ይለቅልኝና እሄዳለሁ ብዬ።»

ይህን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእሱማ በጭራሽ፣ ብላ አስማለችኝ። ማልኩ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ነርሷ ትራስ ስታስተካክልላት አረፈች። ልጅቷ አጠገቧ ነበረች። ጋሼ ሥሩስ የጠያቂ ሰዓት እስኪደርስ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «እሺ» አሉኝ። ሰው መንገድ ሲያሳያቸው «እሺ» እንደሚሉት።

ቀብሩ አልቆ ልጅቷ የእናቷን የስፌት መኪና ጭና ወደ ሥራ ከተማዋ ተመለሰች። ጋሼ ሥሩስ በአሥረኛው ቀን ቢሮ መጡ። ኮታቸውን ሰቀሉ፣ «ኤን» የሚለውን መሳቢያ ሳቡ፣ ካርዱን አውጥተው አለቃችን ፊት አስቀመጡት። ይህ ይውጣልኝ አሉ። ዱካክም ይውጣ፣ ምስክሩም ይውጣ፤ ቅዠት ብለው ይጻፉት፤ እርስዎ ነበሩ ትክክል።

አለቃችን ደግ ሰው ናቸው። ብድግ ብለው ትከሻቸውን ያዙ። ያ ክፍል ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ማተሚያ ቤት ገብቷል፣ ተሰፍቷልም አሉ። ከዚያ ሊያጽናኗቸው ፈልገው፣ ቢያንስ ቃሏ አይሞትም አሏቸው። ጋሼ ሥሩስ ካርዱን አንሥተው ወደ መሳቢያው መለሱት። የሚመለስበትን ቦታ ፊደል ተራውን ጠብቀው ነው የመለሱት፤ እጃቸው ሌላ አያውቅም።

መጽሐፉ ወጣ። ወፍራም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ያማረ መጽሐፍ ነው። ጋዜጣ አመሰገነው። የጋሼ ሥሩስ ድርሻ ጠረጴዛቸው ላይ እንደ ታሸገ ቀረ። ሥራቸውን አልተዉም፤ ለሁለተኛው ቅጽ የሚሆኑ ካርዶች ይጽፋሉ፣ ቀን ያስገባሉ። እኔ ፍቺ አግኝቼ ስሰጣቸው ግን «እሺ» ብለው ይቀበሉኛል። አንድ ቀን ሆን ብዬ የተሳሳተ ፍቺ ሰጠኋቸው፤ እንዲቆጡ፣ እንዲጠይቁኝ። «እሺ» ብለው ተቀበሉት። ተመልሼ በድብቅ አስተካከልኩት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ለእሳቸው የተላከ ፖስታ መጣ። ደብዳቤ መክፈት ሥራዬ ስለሆነ ከፈትኩት። ከመዝገበ ቃላታችን በመቀስ የተቆረጠች አንዲት ገጽ ናት፤ ሌላ ምንም የለበትም፤ የፖስታው ማኅተም ግን የልጅቷ ከተማ ነው። በሰማያዊ እስክርቢቶ አንድ ዐረፍተ ነገር ተሰምሮበታል። የትኛው እንደሆነ ሳላነበው አወቅኩ። ልጅቷ ባለችበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ ደርሷል፤ ተማሪዎቿ ጮክ ብለው ሲያነቡት ሰምታ ይሆናል፣ እግዜር ይወቅ። ገጿን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ለእሳቸው አልሰጠሁም።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ታገልኩ። ከዚያ መሐላዬን አፈረስኩ። ለልጅቷ ጻፍኩላት፤ እናቷ ሆስፒታል ያለችኝን፣ እንዳለችው አድርጌ። አባትሽ ብቻቸውን አይደሉም፣ እኔም ሰምቼ ግሩም ነው ብያለሁ፣ እሷም እያወቀች ነው ዝም ያለችው፤ ይህን ስታውቂ ምናልባት ቁጣሽ ይበርድ ይሆናል ብዬ።

መልሷ በሁለት ሳምንት ደረሰኝ። አጭር ነው። «እናቴ የዱካኩን ነገር በስልክ ነግራኝ ነበር፤ ለእርስዎ እንደነገረችዎ፣ እያሳቀች። እኔም በጣም ስቄ፣ አባዬ በስተርጅና ምስክር አገኘብሽ አልኳት። እሳቸውን ያየሁ እንደሆነ ይህን እነግራቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ። ከነገርኳቸው ደግሞ ይቅር ይሉኛል። እሱን አልችለውም። እባክዎ አይጻፉልኝ።»

ከዚያ በኋላ አልጻፍኩላትም።

ጋሼ ሥሩስ በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። የፊቱ ክፍል ባዶ ነው፤ መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ አራት የእግር ምልክት ወለሉ ላይ ሰርጉዶ ቀርቷል፤ እሳቸው እዚያው አጠገብ ወንበር አድርገው ይውላሉ። ያመጣሁትን ምግብ ይበላሉ። አይከሱም፣ አይታመሙም። ባለፈው ጊዜ እንቅልፍስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እንዲያው ወሬ ለመጀመር ያህል።

«እሱን ነው የምነግርሽ» አሉኝ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያን ያህል ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «ትራሱን አወጣለሁ። በጀርባዬ ዝርግት እላለሁ፣ እጄን ከጎንና ከጎኔ አድርጌ። መጥቶ ይጫነኝ፣ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ልወቀው እላለሁ። እጠብቃለሁ።»

«እሺ?»

«አይመጣም። እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ልጄ። እንደ ሕፃን። ሳልገላበጥ ይነጋል፤ ሕልም እንኳ የለኝም።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዳበሱት፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ። «አንድ ነገር እንኳ አይከብደኝም።»

ያን ጊዜ ሚስታቸው ያለችኝን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ወንበር ስበው የተቀመጡባት ምሽት ለእሷ ምን እንደነበረች። ብነግራቸው ያጽናናቸው እንደሆነ፣ ወይም ጨርሶ ይገድላቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ቃሉን ስፈልግ ቆየሁ። ቀና ስል አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል፣ የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉልበታቸው ላይ አርፋለች፣ ትንፋሻቸው የተስተካከለ ነው። ተኝተዋል።

ሳህኖቹን አጠብኩ። የሚቀጥለውን ሳምንት ምግብ ዕቃ ውስጥ ገልብጬ ከደንኩት። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ልጅቷ እስካሁን አልመጣችም።